ገዝታችሁ ያላነበባችኋቸውን መጻሕፍት እንዴት አንብባችሁ ትጨርሳላችሁ?

የሳሎኑ መደርደሪያ ሞልቷል። የተረፈው አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጧል። ተነበው ያለቁት ሲቆጠሩ ግን ግማሽ አይሞሉም። አንዱ ምረቃው ላይ የተገዛ ነው። አንዱ የልደት ስጦታ ነው። ሌላውን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስናልፍ አዟሪው "ይሄ ከገበያ ጠፍቷል፣ የመጨረሻው ነው" ብሎን ገዝተነዋል። ቤት ከገባ በኋላ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ቀረ።

ሰው ለምን እንዳላነበበ ሲጠየቅ "ጊዜ የለኝም" ይላል። እኔ ግን ትልቁ ችግር ጊዜ ነው ብዬ አላምንም። ትልቁ ችግር መምረጥ ነው። ማታ ደክሞን ገብተን መደርደሪያው ፊት ስንቆም ስልሳ መጽሐፍ ይጠብቀናል። የትኛው ይነበብ? በዚያ ሰዓት ይህን ለመወሰን ጉልበት የለንም። ስለዚህ ስልክ እናነሳለን፣ ምሽቱም በዚያው ያልቃል። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ምርጫውን በአንድ ቀን እንድትገላገሉት ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የሚጠበቅባችሁ ማንበብ ብቻ ነው።

1. ሁሉንም አውርዱ

አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላውን ያዙ። ወለሉ ላይ አንሶላ ወይም ምንጣፍ ዘርጉና መጻሕፍቱን በሙሉ አውርዱ። በሙሉ ስል ከመደርደሪያው ብቻ አይደለም። ከቁም ሳጥን አናት፣ ከሻንጣ፣ ከመኪና ውስጥ፣ ከቢሮ መሳቢያም ሰብስቡ። ወላጆቻችሁ ቤት የቀረ ካለ እሱንም አስመጡ።

"እዚያው ቆመው እያየኋቸው ብመርጥስ?" ትሉ ይሆናል። አይሠራም። የተደረደረ መጽሐፍ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ ዓይንም ጀርባውን ይለምደውና ማየት ያቆማል። በእጅ ሲያዝ፣ ሲገለጥ፣ የኋላ ሽፋኑ ሲነበብ ግን ለምን እንደገዛችሁት ትዝ ይላችኋል። ወይም ጨርሶ ትዝ አይላችሁም። ሁለቱም ለውሳኔ ይጠቅማሉ።

እግረ መንገዳችሁን አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የላይኛውን ጠርዝ በደንብ፤ አቧራ የሚተኛው እዚያ ነው። ክረምቱን ግድግዳ ተጠግቶ የከረመ መጽሐፍ የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ገጾቹን ፈታ ፈታ አድርጋችሁ አየር ባለበት ጥላ ቦታ አቁሙት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ፀሐይ ወረቀቱን ቢጫ ታደርገዋለች፣ የጀርባውንም ሙጫ ታደርቀዋለች። ምስጥ በሚበዛበት አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የታችኛውን መደርደሪያ ጀርባና ግድግዳውን ሳታዩ መልሳችሁ አትደርድሩ።

2. ለዩ

አሁን አንድ በአንድ አንሱና ወስኑ። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

አንብባችሁ የጨረሳችሁት ወደ ጎን ይሂድ፤ ዛሬ አይመለከተንም። ከዚያ የተዋሳችሁትን ፈልጉ። የሰው መጽሐፍ ቤታችሁ ካለ ከሁሉም ቀድሞ ይነበባል፣ አለበለዚያ በዚህ ሳምንት ይመለሳል። ባለቤቱ ሳይጠይቅ ዝም ያለው ስለረሳው ላይሆን ይችላል፤ ይሉኝታ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ጀምራችሁ የተዋችሁት ሌላ ክምር ነው። ዕልባቱ እዚያው አለ፤ የሎተሪ ትኬት፣ የባንክ ወረፋ ቁጥር፣ የታጠፈ ደረሰኝ። የቆመበትን ገጽ እዩ። ገጽ 200 ላይ ከሆነ ከዚያው ቀጥሉ፤ የቀደመውን ምዕራፍ ገረፍ ገረፍ ማድረግ ይበቃል። ገጽ 30 ላይ ከሆነ ወይ ከመጀመሪያው ይጀመር ወይ ይሰናበት።

"አውቀዋለሁ" የምትሉት ግን ያላነበባችሁት ክምርም አለ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋናው ምሳሌ የሀዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሰማው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻንም ሳያነብ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሰምቶ ማወቅ ግን አንብቦ ማወቅን አይተካም። ትረካ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። የጉዱ ካሳን ሙግት ስታነቡ ግን ቆም ትላላችሁ፣ ትመለሳላችሁ፣ "ይሄ ነገር እውነት አይደለም እንዴ?" ብላችሁ ከራሳችሁ ጋር ትሟገታላችሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ "ታሪኩን አውቀዋለሁ" ብላችሁ ወደ ተነበቡት አታሳልፉት። ታሪኩን አስቀድማችሁ ማወቃችሁም ይጠቅማል። "ቀጥሎ ምን ይሆን?" የሚለው ጉጉት ስለማያስቸኩላችሁ ቋንቋውን ታጣጥማላችሁ።

የቀረውን በሁለት ክፈሉት፦ አሁንም ማንበብ የምትፈልጉት፣ እና የማትፈልጉት። እዚህ ላይ ራሳችሁን አትዋሹ። በ20 ዓመታችሁ የገዛችሁትን መጽሐፍ በ40 ዓመታችሁ ላትፈልጉት ትችላላችሁ። የፈተና መለማመጃ፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ፣ ሦስት ሰው ደጋግሞ የሰጣችሁ ያው የስኬት መጽሐፍ መደርደሪያውን ከማጨናነቅ ሌላ ጥቅም የላቸውም። ደራሲው በስማችሁ ፈርሞ የሰጣችሁን ግን ለጊዜው አቆዩት፤ ቢያንስ 50 ገጽ ይገባዋል።

3. ሳትጀምሩ ፈትሹ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መጽሐፍ የሚታተመው ትልልቅ ወረቀት እየተጣጠፈ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንዱ እጥፋት 16 ገጽ ይወጣል። ስለዚህ ሲጎድል አንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን አሥራ ስድስቱም አብረው ሊጎድሉ ይችላሉ። ወይም ሁለቴ ይገባሉ፣ ወይም ተገልብጠው ይጠረዛሉ። መንገድ ላይ የሚሸጡ በፎቶ ኮፒ የተባዙ የድሮ መጻሕፍት ደግሞ ዳር ዳሩ የተቆረጠ ወይም የደበዘዘ ገጽ አያጡም። የገጽ ቁጥሩን እየተከተላችሁ አገላብጡት። ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ገጽ 176 ላይ አድርሷችሁ ቀጥሎ 193 ሲመጣ ያናድዳል።

የድሮ መጽሐፍ ከሆነ ፊትና ኋላውን እዩ። ብዙዎቹ "ስሕተት" እና "እርማት" የሚል ሠንጠረዥ አላቸው፤ ገጽ ይህን ያህል፣ መስመር ይህን ያህል፣ እንዲህ የሚለው እንዲህ ተብሎ ይነበብ ይላል። እርሳስ ያዙና እርማቱን በየቦታው አስገቡት። ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሥራው ራሱ መጽሐፉን ያስተዋውቃችኋል፤ እርማቱ ሲያልቅ ከየምዕራፉ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አንብባችኋል። ቀኑም በግእዝ ቁጥር የታተመ ሊሆን ይችላል። ፲፱፻፶፰ ማለት 1958 ነው፦ ፲፱ እና ፻ አሥራ ዘጠኝ መቶ፣ ፶ ሃምሳ፣ ፰ ስምንት።

አዲስ ከሆነ ደግሞ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ አከፋፈቱን እወቁበት። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መጽሐፍ መሐል ላይ በኃይል ሲከፈት ገጹ ይረግፋል። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ሽፋኖቹን ግራና ቀኝ አስተኙ። ከፊት ጥቂት ገጾች ገለጥ አድርጋችሁ በጣት ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ከዚያ ከኋላ ጥቂት፣ እንደገና ከፊት፣ መሐሉ እስክትደርሱ።

4. አምስት ብቻ ምረጡ

ልታነቧቸው ከፈለጋችሁት ውስጥ አምስት አውጡ። ከአምስት አይበልጥ። አልጋ አጠገብ ወይም ሶፋው ጎን ለብቻቸው አስቀምጡና የቀሩትን መልሳችሁ ደርድሩ። ከዛሬ ጀምሮ "ምን ላንብብ?" ስትሉ የምታዩት አምስቱን ነው እንጂ መደርደሪያውን አይደለም።

አመራረጡ ላይ የማያወላውል አስተያየት አለኝ፦ ትልቁንና ከባዱን አታስቀድሙ። ሰው ወኔ ሲመጣለት 700 ገጽ የታሪክ መጽሐፍ አንስቶ ገጽ 60 ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው ከ150 ገጽ የማይበልጥ ይሁን፤ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ። አንድ መጨረስ ለሁለተኛው ጉልበት ይሰጣል። ከቀሩት አራት አንዱ አጫጭር ልቦለድ ወይም ግጥም፣ አንዱ ታሪክ ወይም ግለ ታሪክ፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ደግሞ ሰው የሰጣችሁ ቢሆን ጥሩ ድብልቅ ይሆናል።

በትንሽ ደብተር ርእሱን፣ የገጹን ብዛትና የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁን ፍጥነት ለኩ። የስልኩን ሰዓት አስነሱና አሥር ገጽ አንብቡ። 20 ደቂቃ ከፈጀ ለአንድ ገጽ ሁለት ደቂቃ ነው። በቀን 15 ገጽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። 300 ገጽ በ20 ቀን ያልቃል። በዓመት 18 መጽሐፍ ይሆናል። የሌላ ሰው ፍጥነት አያስጨንቃችሁ። የራሳችሁን ስታውቁ ያ መደርደሪያ በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ማስላት ትችላላችሁ፤ ስሌቱም አዲስ መጽሐፍ ሲያምራችሁ ልጓም ይሆናል።

5. ሰዓትና ቦታ ስጡት

"ሲመቸኝ" የሚባል ሰዓት የለም። ቁርጥ ያለ ሰዓት ያዙ። ለአንዳንዱ ቤቱ ሳይነሳ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ለአንዳንዱ ከራት በኋላ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፣ ግን ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ለውጡ ቶሎ የሚታየው በዚህ ነው።

ከአምስቱ ቀጭኑ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። የታክሲ ሰልፍ፣ የባንክ ወረፋ፣ የሆስፒታል ተራ፣ "መጣሁ" ብሎ ሰዓት የሚያሳልፍ ጓደኛ፤ ይህ ሁሉ ገጽ ነው። መብራት ሲጠፋ የምታነቡበት የሚሞላ አምፖል ወይም ራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ አዘጋጁ። መብራት የጠፋበት ማታ ቴሌቪዥኑም ዋይፋዩም የለም፤ ለንባብ እንደሱ የሚመች የለም።

ሃይማኖታዊ መጽሐፍ ካላችሁ ወቅቱን ተጠቀሙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። 220 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 4 ገጽ እየተነበበ ከጾሙ ጋር ያልቃል። በረመዳንም እንዲሁ ገጹን ለ29 ወይም ለ30 ቀን ማካፈል ነው።

በቴሌግራም ያጠራቀማችሁትን ፒዲኤፍ ለጊዜው እርሱት። ያልተነበበው ክምር እዚያም አለ፤ ማለቂያ ግን የለውም። ደግሞም ብዙው ያለ ደራሲው ፈቃድ የተሰራጨ ነው። ብር አውጥታችሁ የገዛችሁት ይቅደም።

6. እንደ ዓይነቱ አንብቡ

ልቦለድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ይነበባል፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገጸ ባሕርያቱ ከበዙ ስማቸውን ዕልባቱ ላይ ጻፉ። አጫጭር ልቦለድ በአንድ ቁጭታ አንድ ታሪክ ነው፤ ሁለት ስትደርቡ ይደባለቃሉ። ግጥም በቀን አንድ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሁለት ጊዜ። ወርቁ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ንባብ ነው የሚገለጠው። የተተረጎመ የስነ ልቦናና የስኬት መጽሐፍ ከሆነ ማውጫውን አይታችሁ የሚመለከታችሁን ሦስት ምዕራፍ አንብቡና "ተነቧል" በሉ። አብዛኛው አንድን ነገር ደጋግሞ ስለሚል የሚቀርባችሁ ጥቂት ነው።

የእኛ መደርደሪያ ልዩ የሚሆነው በግለ ታሪክ ነው። ስለ አብዮቱ ዘመን የተጻፈው ብዛት! አንዱን የጻፈው የኢሕአፓ አባል ነው፣ አንዱን የመኢሶን፣ አንዱን የደርግ መኮንን፣ አንዱን ያኔ ተማሪ የነበረ ሰው። አብዛኞቻችን አንዱን ጀምረን በስምና በቀን ብዛት ተሰላችተን እንተወዋለን። ለእነዚህ የሚሠራ ዘዴ አለ፦ አንድ በአንድ አትጨርሷቸው፣ ጎን ለጎን አንብቧቸው።

እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ቀኖቹን ከላይ ወደ ታች ጻፉ። የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ። የየካቲት 1966 እንቅስቃሴ። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967። የ1969 እና የ1970 ቀይ ሽብር። ግንቦት 20 ቀን 1983። አሁን ያሏችሁን ሦስት አራት ግለ ታሪኮች አውጡና ከሁሉም የየካቲት 1966ን ክፍል ብቻ አንብቡ። ይህ ጸሐፊ ያኔ የት ነበር? ምን አየ? ምን ሰማ? የትኛውን ስም አነሳ፣ የትኛውን ዘለለ? በወረቀቱ ላይ ከቀኑ ጎን የመጽሐፉን ገጽ ጻፉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀን እለፉ። ለብቻው ሲነበብ የሚሰለቸው መጽሐፍ ከሌላው ጋር ሲፋጠጥ ሕይወት ይዘራል። ሁለቱ ያን ቀን በአንድ ከተማ ነበሩ፤ የጻፉት ግን አይገናኝም። ለምን እንደማይገናኝ ስትፈልጉ ሌሊቱ ይነጋል።

ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል። አንደኛው የቀን ልውጫ ነው። ውጭ አገር ሆነው የጻፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ጃንዋሪ እስኪገባ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ 8 ዓመት። የካቲት 1966 በእነሱ 1974 ነው፤ መስከረም 1967ም እዚያው 1974 ውስጥ ነው። ይህን ሳያዩ "አንዱ ተሳስቷል" ማለት ቀላል ነው። ሁለተኛው የስም መጠቁም ነው። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት መጨረሻቸው ላይ መጠቁም የላቸውም። እናንተው ሥሩት፦ በመጨረሻው ባዶ ገጽ በእርሳስ ስሙንና ገጹን እየጻፋችሁ ሂዱ። ከዓመት በኋላ "ያ ሰው የት ላይ ነበር?" ስትሉ ታገኙታላችሁ።

7. መተው ይፈቀዳል

50 ገጽ አንብባችሁ ካልያዛችሁ ተዉት። ቀጭን ከሆነ 30 ይበቃል። ብር አውጥቼበታለሁ ብሎ መታገል ብሩን አይመልስም፤ ሌላ ሦስት ሳምንት ያስወስዳል እንጂ። አብሮም የንባብ ፍላጎታችሁን ይገድለዋል። አንድ ነገር ግን ለዩ። መጽሐፉ ደካማ ነው ወይስ እናንተ ዛሬ ደክማችኋል? ጥርጣሬ ካለ ወደ መደርደሪያው መልሱትና በክረምት ሞክሩት። አጻጻፉ ራሱ የማይጥማችሁ ከሆነ ግን ወደሚሰጠው ክምር ይሂድ፣ በአምስቱም ውስጥ ሌላ ይተካ።

8. መግዛቱንስ?

ጨርሶ አትግዙ አልልም። ደራሲና መጻሕፍት ሻጭ የሚኖሩት በእኛ ነው። ግን ደንብ ይኑር፤ ሁለት አንብቦ አንድ መግዛት ይመስለኛል የሚበቃው። ያማራችሁን ርእስ ደብተሩ ላይ ጻፉት። ከወር በኋላም ካማራችሁ ግዙት። ምረቃ ስትሄዱ የምትገዙትን በዚያው ሳምንት ከአምስቱ ተርታ አስገቡት፤ ደራሲው ሲናገር የሰማችሁት ገና ጆሯችሁ ላይ ሳለ ንባቡ ይፈጥናል።

ውጭ የምትኖሩ ደግሞ አገር ቤት ስትመጡ ሻንጣውን በመጽሐፍ አትሙሉት። 23 ኪሎው በበርበሬና በሽሮ ቶሎ ይሞላል፣ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ደግሞ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ካለፈው ጉዞ ያልተነበበ ካለ ርእሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሱ ጋር ጎን ለጎን የሚነበበውን ብቻ ግዙ። ልጆቻችሁ አማርኛ ማንበብ ካልቻሉ ማታ ሁለት ገጽ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡላቸው። እናንተም መጽሐፋችሁን ትጨርሳላችሁ፣ እነሱም ቋንቋውን ይሰማሉ።

9. የሚሄዱትን በአግባቡ ስጡ

"የማልፈልገው" ያላችሁት ክምር ቤት ውስጥ እንዳይከርም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይውጣ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሕዝብ ብዙ መጽሐፍ ተሰብስቦለታል። የድሮ፣ ከገበያ የጠፋ ዕትም ካላችሁ ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ጠይቁ። ልቦለድና የልጆች መጽሐፍ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ለልጆች የማይሆን ነገር እንዳይቀላቀል፣ የተቀደደና ጊዜው ያለፈበትንም እንዳትጭኑባቸው። ቢሸጥ ይሻላል ካላችሁም አሮጌ መጽሐፍ የሚገዙ አዟሪዎች አሉ፤ ዋጋው ግን ያወጣችሁትን አይመልስም፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

በስማችሁ የተጻፈ የስጦታ መልእክት ያለበትን ገጽ ቀዳችሁ አትጣሉት። መጽሐፉን ያጎድላል። ካስቸገራችሁ የሰጣችሁ ሰው በማያየው ቦታ ስጡት። በካርቶን ከማሸጋችሁ በፊት ደግሞ እያንዳንዱን ይዛችሁ አራግፉት። በእኛ ቤት ገንዘብ፣ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የካርታና የልደት ወረቀት ቅጂ የሚደበቀው መጽሐፍ መሐል ነው።